መሐንዲሱን ማን ይጥራው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የሚወጡትን የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያዎች ሳላነብ አላልፍም። የቦታው ስፋት፣ የካርታው ቁጥር፣ መነሻ ዋጋው፣ የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) ማስያዝ፣ አሸናፊው ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ መክፈሉ፣ ሁሉም በዝርዝር ተጽፏል። የጉብኝቱ ነገር ግን በአንድ መስመር ያልቃል። ገዢው ወንድሙን ወይም ደላላውን ይዞ ይሄዳል፣ ሴራሚኩን አይቶ ይመለሳል።

እኔና እህቶቼም ከዚህ የተለየን አልነበርንም። ለሱቅና ለቢሮ የሚከራይ ባለአራት ፎቅ ህንፃ ልንገዛ ስንል መሐንዲሱን ያመጣልን ደላላው ነበር። መሐንዲሱ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ዞሮ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ሁለት ገጽ ሰጠን። ደላላ ድርሻውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ መሆኑን እያወቅን ወረቀቱን መቀበላችን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ታላቅ እህቴ አላመነችም። ከሻጭም ከደላላም ጋር የማይተዋወቅ የስትራክቸር መሐንዲስ በራሳችን ገንዘብ ጠራች። ሰውየው ገና ሲገባ የጠየቀው የስትራክቸር ፕላኑንና የመጠቀሚያ ፈቃዱን ነው። ከዚያ መሰላል አስመጣ፤ ሁለተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት አጠገብ ኮርኒሱን ከፍቶ ባትሪ አበራ። የፍሳሽ ቧንቧ ለማሳለፍ ሲባል ቢሙ፣ ማለትም ፎቁን የሚሸከመው አግዳሚ ኮንክሪት፣ ተፈልፍሏል፤ በውስጡ ካለው ብረት ሁለት ፌሮ ተቆርጧል፤ የተረፈውም ዝጎ በጣት ሲነካ ይራገፋል። ከኮርኒሱ በታች ያለው ግድግዳ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ግዢውን ተውነው።

«ባንኩ ገማች ልኮ አይቶታል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ገማቹ የሚያሰላው መያዣው ስንት እንደሚያወጣ ነው፤ ኮርኒስ አይከፍትም። ቪላ ሲያይ የኖረ ባለሙያም ብቻውን አይበቃም፤ የንግድ ህንፃ ሊፍት፣ ጄኔሬተርና የእሳት ማጥፊያ መስመር ስላለው የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ባለሙያ አብሮ መግባት አለበት። ባለቤቱ ህንፃውን ከተቋራጩ የተረከበበትን ቀንም ያጣሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው ጥንካሬ ዋስ የሚሆነው ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ነው ይላል፤ የ12 ዓመት ህንፃ የገዛ ሰው በዚህ አንቀጽ ተቋራጩን መያዝ አይችልም።

ባንኮችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከሐራጁ በፊት ገዢ የራሱን መሐንዲስ ይዞ፣ ፕላኑን ተቀብሎ፣ ኮርኒስ እያስከፈተ የሚያይበት አንድ ሙሉ ቀን በማስታወቂያቸው ላይ ይጻፍ።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ