የኮንዶሚኒየሙን የጋራ ህንፃ (ኮሚናሉን) ለማጠቢያና ለማስጫ መልሱልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ ጳጉሜ ደርሳለች፣ እና በየኮንዶሚኒየሙ ያለች እናት ሁሉ አሁን የሚያስጨንቃት ጉዳይ ይሄ ወራት ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ የከረመ ብርድ ልብስና ጋቢ ለእንቁጣጣሽ የት ታጥቦ የት ይሰጣል የሚለው ነው። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ሁሌ ትፅፋላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ ስለዚ ጉዳይ ግን ሲነሳ አይቼ ስለማላውቅ እኔ ልፃፍ ብዬ ነው።

አዲስ አበባ ደጋ ናት፣ ሐምሌና ነሐሴ ሌሊቱ አጥንት ይገባል፣ ስለዚህ ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ አይታደርም። አሁን በየቤቱ ያለው ደግሞ ያ ባለ ሁለት ድርቡ፣ ፀጉራሙ፣ ደረቁን እንኳን 5 እና 6 ኪሎ የሚሆን ነው፣ ውሃ ሲጠጣማ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል አንድ ሰው ብቻውን ከሳፋ አያነሳውም። ማሽን ያለው ይጠብበት ትሉ ይሆናል። ማሽኑ ላይ 7 ኪሎ ተብሎ የተፃፈው ግን ለተራ ልብስ ነው፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ኪሎው ባይሞላም ከበሮውን ጥቅጥቅ አርጎ ይሞላዋል፣ መሀሉ ሳይታጠብ ሳሙናው ሳይለቅ ይወጣል፣ ሲጨምቅ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያጋድልና ማሽኑ ይንቀጠቀጣል ወይ ይቆማል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላለ ሰውማ ማሽን ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም፣ በጀሪካን በተጠራቀመ ውሃ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ በእግር መርገጥ ነው ያለው። ላውንደሪ መስጠት ደግሞ ለአንድ ብርድ ልብስ ይቻል ይሆናል፣ አራት አምስት ልጅ ያለው ቤት ግን አይችለውም።

ማጠቡ በዚም በዛም ይሆናል። ትልቁ ችግር ማድረቁ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሴት ውሃ የሚያንጠባጥብ ብርድ ልብስ ይዛ የት ትሂድ? ሊፍት የለም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው አይወጣበት፣ በረንዳው ደግሞ ተዘርግቶ አይበቃውም። ደረጃው ብረት ላይ ብታሰጣው መንገድ ይዘጋል ያንሸራትታል፣ በረንዳ ላይ ብታንጠለጥለው ታች ያለችው ጎረቤት የደረቀ ልብሷ ላይ ይንጠባጠባል ከዛ ፀብ ነው። በርጩማ ላይ ቆመው ግማሽ ሰውነታቸው ውጪ ሆኖ ከበረንዳ ላይ የሚያሰጡ እርጉዞችና ቤት ሰራተኛ ልጆች አያለሁ፣ ልቤ ነው የሚቆረጠው። አንድ ቀን እጅ ቢያመልጥ ምን ሊሆን ነው?

ቤት ውስጥ ይድረቅ የሚባለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ ላዩ ደርቆ መሀሉ ርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ በሁለት በሶስት ቀን ይሸታል፣ ሻጋታ ይይዛል፣ በዛ ላይ አስም ያለበት ህፃን ይተኛበታል። አንዳንዱ ደሞ ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ብርድ ልብሱን ከጎኑ ያሰጣል። እባካችሁ ይሄንን ተዉት! የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለው፣ ሽታ የለውም አይታይም፣ በተዘጋ ቤት ሰው በተኛበት ይገላል፣ በየክረምቱ በዚ ምክንያት ቤተሰብ ሞቶ ተገኘ ሲባል እንሰማለን። እሳቱ ብርድ ልብሱን ከያዘማ ሌላ አደጋ ነው፣ ያ ፀጉራሙ ጨርቅ ሰው ሰራሽ ስለሆነ እየቀለጠ ነው የሚነደው።

ድሮ ጋቢና ቡልኮ ወንዝ ተወርዶ በእንዶድ ታጥቦ እዛው ሳር ላይ ነበር የሚሰጣው። (ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት እኮ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው።) ግቢ ያለው ሰውም አጥሩ ላይ ይዘረጋ ነበር። ማጠብ ካለ ሜዳ አለ ማለት ነው። ኮንዶሚኒየሙ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር ይሄ የተረሳ አይመስለኝም፣ ኮሚናል የምንለው ህንፃ የተሰራው እኮ ፎቅ ቤት ውስጥ ለማይሆነው ስራ ነው፣ ልብስ ለማጠብ፣ እንጀራ ለመጋገር፣ በግ ለማረድ፣ ለለቅሶ ለሰርግ። አሁንስ? ብዙ ሳይት ላይ ኮሚናሉ ተከራይቷል፣ ወይ መጋዘን ሆኗል ወይ ሱቅ ሆኗል፣ ዙሪያው ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እኛም ጋር እንደዛው ነው፣ የማስጫው ብረት ተነቅሎ መኪና ቆሞበታል፣ ስንጠይቅ ለጥበቃ ደሞዝ ገቢ ያስፈልጋል ይሉናል። ገቢው እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፣ ግን የጋራ ሕንፃ አዋጁ (ቁጥር 370/1995) ከየቤቱ ውጪ ያለውን የሁላችንም ነው ይላል፣ መኪና ያለው ጥቂት ሰው ነው ብርድ ልብስ የሌለው ግን ማንም የለም።

ቦታው እስኪመለስ እናቶች ማወቅ ያለባቸውን ልበል። ብርድ ልብስ ስታጥቡ ኦሞ አታብዙ፣ ሳሙናው ካልለቀቀ ጨርቁ ይጠነክራል እርጥበትም ይስባል፣ በደንብ ማለቅለቅ ይሻላል። ጋቢን ሁለት ሰው ይዞ እንደ ገመድ መጠምዘዝ ክሩን ይጎዳዋል፣ አጣጥፎ ሳፋ ውስጥ መርገጥና ውሃው እስኪወርድ መተው ነው። ስታሰጡት በአንድ ገመድ ላይ አታጥፉት፣ ሁለት ሶስት ገመድ አራርቃችሁ በላያቸው ላይ ዘርጉት ንፋስ በመሀል እንዲያልፍ፣ በየሁለት ሰዓቱ ገልብጡት። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት በጊዜ ማስጣት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ማስገባት። ኮምፎርት (ውስጡ ጥጥ የተሞላው የአልጋ ልብስ) ከሆነ ጥጡ እንዳይቋጠር እያራገፉ ነው። ስፖንጅ ፍራሽ ግን ውሃ ውስጥ አታስገቡ፣ ውስጡ በቀላሉ አይደርቅም፣ ያቆሸሸውን ቦታ ብቻ በጨርቅ ጠርጎ ፀሀይ ላይ ማቆም ይበቃል። ትኋን ያለበት አንሶላ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብ ትኋኑ አይሞትም፣ ጨርቁ ከቻለ 60 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል።

ለየሳይቱ የማህበር ኮሚቴዎች የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። የተከራየው ውል እስኪያልቅ ባይመለስ እንኳን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ መኪኖቹን ከማስጫው ቦታ አንሱልን፣ የብረት ቋሚ ተክላችሁ ሽቦ ወጥሩልን፣ ለየብሎኩ ቀን ደልድሉ፣ አንዱ ብሎክ ሰኞ አንዱ ማክሰኞ ካለ ፀብ አይኖርም። ውሉ ሲያልቅ ደግሞ ሳታድሱ በፊት ነዋሪውን ሰብስባችሁ ጠይቁ፣ ስብሰባውንም ቅዳሜ ከሰዓት አርጉት፣ በስራ ሰዓት ከሆነ እናቶች አይመጡም።

አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ አዲስ አበባ