ማን እንደተጫወተው ጻፉልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምናዘጋጅበት አነስ ያለ ስፌት ቤት አለኝ። የምጽፍላችሁ በሥራ ቦታ ስለምንሰማው ሙዚቃ ነው። ለአንዳንድ ሰው ትንሽ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ለእኔና አብረውኝ ለሚሠሩት ግን ትንሽ አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ መርፌ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚውል ሰው የማይፈልገው ድምፅ ሲመጣበት ተነስቶ መሄድ አይችልም። ስፒከሩ ላይ የሚከፈተውን ነገር አስበንበት ማዘጋጀት ያለብን ለዚህ ነው።

ብዙ ቤት ሬዲዮ ከፍቶ ይውላል። ሬዲዮ ጥሩ ነው፤ ግን ማስታወቂያው ይበዛል፣ ኳስ ሲጀምር ደግሞ ግማሹ ሰው ሥራ ያቆማል። ያገኙትን ዘፈን መልቀቅም እኛ ቤት አላዋጣም። ስፌት ላይ ያሉት ሴቶች ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ጾም ሲገባ ዘፈን አይሰሙም። ጥልፍ የምትሠራው ልጅ ጴንጤ ናት፤ ጾም ኖረም አልኖረም ዓለማዊ ዘፈን አትሰማም። ቆራጩ ሙስሊም ነው፤ ረመዳን ሲመጣ የእሱም ጆሮ ሌላ ነገር ይፈልጋል። መዝሙር ብከፍት አንዱ ይከፋዋል፣ መንዙማ ብከፍት ሌላው። አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም፤ ግን ከፊታቸው ይታወቃል።

ሥራ የሚጦፈው ደግሞ በሁዳዴ ነው። ለፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው ሠርግ የሚለበሰው ልብስ የሚሰፋው በእነዚያ 55 ቀናት ውስጥ ነው። ዘፈን በሚዘጋበት ወቅት ነው እንግዲህ እኛ የምናመሸው። በዝምታ ማምሸት ይከብዳል። እንቅልፍ ይመጣል፣ እጅም ይፈዛል።

መላ ሆኖ ያገኘነው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ነው፤ ክላሲካል የምንለው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ ፒያኖ፣ ሳክስፎን። ሁሉም የሚወደውን ያመጣል፤ ቆራጩ ስልኩ ላይ በተራ በተራ ይደረድርና ፍላሽ ላይ ይጭነዋል። አንድ ሰው እንኳ አይሆነኝም ካለ ይወጣል። ይህን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ እኔም አከብረዋለሁ።

አደራደሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ዋሽንት ይቀድማል። ማሽኖቹ ሲሞቁና ቀጥ ያለ ስፌት ሲጀመር ቺክቺካ የሚባለው ፈጣን ምት ይመጣል፤ እግር ፔዳሉ ላይ ከምቱ ጋር ይሄዳል፣ ሥራውም ይገፋል። ጥልፍ ላይ ግን ቺክቺካ አይሆንም። ልጅቷ ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ መስቀሉን የምታዞረው በዝግታ ነው፤ ምቱ ሲፈጥን እግሯም ሳታውቀው ይፈጥናል፣ ክሩም ከመስመሩ ይወጣል። የደረት ጥልፍ አንዴ ከተበላሸ መፍታቱ ከመሥራቱ ይብሳል። እሷ ደረት ላይ ስትሆን ትዝታና አምባሰል እናደርጋለን። ከምሳ በኋላ ደግሞ ትዝታ ክልክል ነው፤ ያኔ ሁሉም ያንቀላፋል።

በገናን ሞክረነው ማሽኖቹ ዋጡት። የበገና ድምፅ ከታች ሆኖ ነው የሚነዝረው፤ የማሽኑም ጩኸት እዚያው ነው ያለው። ማታ ማሽን ቆሞ የነጠላ ጫፍ ስንቋጭ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ በገና ከምንም ይበልጣል። ጣቶች ክሩን ጭን ላይ እያሹ ያከሩታል፣ በገናውም ቀስ እያለ ይሄዳል። አለሙ አጋ ሲደረድር ሰምቶ ዝም ያላለ ሰው እኛ ቤት የለም።

የድምፅ ልክም ነገር አለ። ከድሮ ሸክላ የተቀዳው ዝቅ ይላል፣ የአሁኑ ይጮኻል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ድንገት ከጮኸ መርፌ ላይ ያለ ሰው ይደነግጣል፤ ጣት ይወጋል። ስለዚህ ቆራጩ እያንዳንዱን እየሰማ ድምፁን ያስተካክላል። ሌሊቱን ሲሠራው አድሮ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ማንም አልከፈለውም። ይህን የማነሳው ድካሙን አይቼ ስለምኮራበት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ከቴሌግራምና ከዩቲዩብ የምናገኘው ይህ ሁሉ ሙዚቃ ስም የለውም። «ምርጥ የኢትዮጵያ ክላሲካል»፣ «ለሥራና ለጥናት የሚሆን»፣ «ትራክ 07»። ማን ነፋው? ማን መታው? ማን አቀነባበረው? አንድም አይጻፍም። ዘፈን ሲሆን ቢያንስ የዘፋኙ ስም አለ። ያለ ድምፅ የተጫወተ ሰው ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳክስፎን እየተነፋ ነው። ካውያ ላይ የሚሠሩት አባት የመንዝ ሰው ናቸው። ድንገት ካውያቸውን አቁመው ቆሙ።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ እየሸለለ ነው!» አሉ።

«ጋሼ፣ ቃል የለውም እኮ» አለቻቸው ጥልፍ የምትሠራው ልጅ።

«ቃሉን እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ቀጠሉበት። እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ሳክስፎኑ ሲያርፍ እሳቸው እየገቡ ሸለሉ። ሰው ሁሉ ማሽኑን አቁሞ አያቸው። ልጅቷ ዞራ «እትዬ፣ ማን ነው?» አለችኝ። ስልኩን አየሁት፤ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው።

ጠያይቄ በኋላ ደረስኩበት። ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስነገረ ሰው። በስተርጅናው ዘ ኤክስ ከሚባል የኔዘርላንድ ቡድን ጋር አውሮፓ እየዞረ ተጫውቷል። ያረፈው በ2008 ዓ.ም. ነው። ጋሼ በደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚጫወት ለዩት። ስሙን ግን እሳቸውም፣ እኔም፣ ልጆቹም አናውቅም ነበር። ይህ ያንገበግባል።

በሁዳዴም እንዲሁ ሆነ። ፒያኖ ከፍተን ስፌት ላይ ካሉት አንዷ «ይሄ ዘፈን አይደለም ወይ? ጾም እኮ ነው» አለች። ደግነቱ ይህቺን አውቃታለሁ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናት። መነኩሲት ናቸው፤ ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ ለብዙ ዓመት ኖረው፣ እዚያው በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ያረፉ። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ውስጥ የነበረው ነገር ተለወጠ። የጠየቀችው ልጅ ራሷ «እንደገና ክፈቱት» አለች። ከዚያ ወዲህ ያቺን ፒያኖ ከጾም ዝርዝራችን ያወጣት የለም። ስም ማወቅ እንዲህ ይጠቅማል። ማን እንደሆኑ ባልናገር ኖሮ ልጅቷ ቅር ብሏት ትውል ነበር።

ስለ ኃይሉ መርጊያም ልንገራችሁ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው። አሜሪካ ዋሽንግተን ሄዶ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል። ደንበኛ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የድሮ ሥራው ውጭ አገር እንደገና ሲታተም ዓለም አወቀው፤ ተመልሶም መድረክ ላይ ወጣ። ይህን ታሪክ ለልጆቹ ስነግራቸው ቆራጩ መቀሱን ይዞ ሲያዳምጠኝ ቆየ። «ሥራ ላይ ሆኖ ነው የተለማመደው?» አለ። አሁን የኃይሉ ሙዚቃ ሲመጣ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ነው። ውጭ አገር ያለ አሳታሚ ፈልጎ ያላገኘው፣ እዚሁ ያረጀ ስንት ነፊ፣ ስንት ገራፊ አለ?

ሕጉም ቢሆን አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ሰጥቶታል። እኔ ግን ሰው ለመክሰስ አይደለም የጻፍኩት። ሙዚቃ ሰብስባችሁ የምትጭኑ ልጆች፣ ድካማችሁ እኛን ጠቅሞናል፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የምታውቁትን ስም ከሥሩ ጻፉልን። የማታውቁ እንደሆነ «የሚያውቅ ይንገረን» ብላችሁ ጻፉ። ሬዲዮኖችም ዜናና ተረክ የምታጅቡበት ዋሽንት ባለቤት አለው። በፕሮግራሙ መጨረሻ የቴክኒክ ባለሙያውን ስም ስትጠሩ የእሱንም ጨምሩበት።

ከእናንተ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። በሳምንት አንዲት ጠባብ ዓምድ ስጡን። የአንድ ተጫዋች ስም፣ የሚጫወተው መሣሪያ፣ የሠራበት ባንድ ወይም ኦርኬስትራ፣ ከተቻለም ፎቶ። የፖሊስ፣ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦር ኦርኬስትራ ሰዎች በሕይወት ያሉት ዛሬ አርጅተዋል። ማን ምን እንደተጫወተ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ጋዜጠኛ ልካችሁ አሁን ጠይቋቸው። ዓምዱን ቆርጠን ግድግዳችን ላይ፣ ከስፒከሩ በላይ እንለጥፈዋለን፤ ይህን ቃል እገባላችኋለሁ።

የስፌት ቤት፣ የጸጉር ቤት፣ የጋራዥ ባለቤቶችም ይህን ካነበባችሁ ሙዚቃውን ብቻችሁን አትምረጡ። አብረዋችሁ የሚውሉትን ጠይቁ።

ጠዋት የምንከፍትበት አንድ ዋሽንት አለን። ስድስት ደቂቃ ያህል ነው፤ መሀል ላይ ነፊው ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል፣ ከኋላው ከበሮ እንኳ የለም። የባቲን ቅኝት ነው የሚጫወተው። ብዙ ሰው ጠየቅን፤ የሚያውቀው አላገኘንም። ፍላሹን ይዤ ቢሯችሁ ልምጣ? ከእናንተ መሀል ጆሮ ያለው ሰው ካለ፣ ወይም የምታውቁት አንጋፋ የዋሽንት ተጫዋች ካለ፣ አንድ ጊዜ ያድምጥልን።

አክባሪያችሁ፣
ከሽሮ ሜዳ አንዲት አንባቢያችሁ