ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ 800 ሜትርሽ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በሶ አዘጋጅታልሻለች፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስናገኝ እንልክልሻለን።

ዛሬ ስለ ሩጫሽ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነው። የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ እግርሽ ፍጥነት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያኮራኝ እርጋታሽ ነው።

800 እሮጣለሁ ስትይ ስንቱ ሊያስተውሽ እንደሞከረ ታስታውሻለሽ። ከአበበ ቢቂላ እስከ ደራርቱ ቱሉ በአገራችን ስሙ የሚነሳው የረጅም ርቀት ጀግና ነውና አጎትሽም «ሐበሻ የሚያምርበት ርቀቱ ሲረዝም ነው» ብሎ መክሮሽ ነበር። አንቺ ደግሞ መሐመድ አማን በ2005 ዓ.ም. በሞስኮው የዓለም ሻምፒዮና በ800 ሜትር ወርቅ መውሰዱን በትሕትና ነገርሽው። ጽጌ ዱጉማ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ በዚሁ ርቀት ብር ስታመጣ እሱ ቤታችን ነበር፤ ከሁላችንም ቀድሞ ብድግ ብሎ እልል ያለው እሱ ነው።

ርቀቱ ከባድ ነው፣ ልጄ። የመጀመሪያውን ዙር ያለ ልኩ የፈጠነ ሰው 600 ሜትር ላይ እግሩ ይከዳዋል። አብዝቶ የቆጠበም የመጨረሻው ዙር ደወል ከተደወለ በኋላ የቀደሙትን አይደርስባቸውም። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ አንዴ ትንፋሹን ያባከነ እዚያው ሩጫ ላይ መልሶ አያገኘውም።

የትምህርት ቤቶች ውድድር ዕለት ቁጥሩን ደረትሽ ላይ በአራት መርፌ ቁልፍ ያያያዝኩልሽ እኔ ነበርኩ። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንቺ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ሜዳውን ትመለከቻለሽ። አቧራማ ሜዳ፣ በኖራ የተሰመረ መም። ፊሽካው ሲነፋ ልጆቹ ከበረት እንደተለቀቀ ጥጃ ተፈተለኩ። አንቺ አምስተኛ ሆነሽ፣ የውስጠኛውን መስመር ይዘሽ ተከተልሻቸው። አጠገቤ የቆሙት ወላጆች «ውይ፣ ቀረች» አሉ። እኔ ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ነበር፤ የመጀመሪያው ዙር 71 ሰከንድ። ከአሰልጣኝሽ ጋር የተስማማችሁት ይኸው ነበር።

በሁለተኛው ዙር ከማዶ ባለው ቀጥታ ላይ አንዷን አለፍሻት። መታጠፊያው ላይ ማለፍ ስትችዪ ታገሥሽ፤ እዚያ በውጭ በኩል የሚያልፍ ትርፍ ሜትር ይሮጣል። መጨረሻው ቀጥታ ሲመጣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አለፍሻቸውና ሁለተኛ ወጣሽ። ሰዓቴን ሳይ ሁለተኛው ዙር 72 ይላል። በ15 ዓመቷ፣ አራት ሰው ቀድሟት እየሮጠ፣ በራሷ ልክ የምትሮጥ ልጅ! ያን ዕለት ሜዳው ዳር ቆሜ ያለቀስኩት ለዚህ ነው።

ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ጎሃ የሚያወጣውን ዳገት ስትወጪ አይሻለሁ፤ በዐቢይ ጾም እንኳ አልተውሽውም፣ እናትሽ ተልባ እየበጠበጠች ትጠብቅሽ ነበር። ልምምድ በሌለሽ ቀን ደግሞ ማረፍን ታውቂበት ነበር፤ ብዙ ልጅ የሚጎዳው ይህን ባለማወቁ ይመስለኛል።

ጎንደር የኳስ ከተማ ናት። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ስንቱን ደስ እንዳሰኘ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔም የአፄዎቹ ወዳጅ ነኝ። የዚያች የኖራ መም ደስታ ግን ለእኔ ይበልጥብኛል።

ታናሽ ወንድምሽ ዘንድሮ ለ800 ተመርጧል። ጉልበት አለው፣ ነገር ግን ሲጀምር ያለውን ሁሉ ያወጣዋል። እኔም እናትሽም ነግረነዋል፤ ያንቺን ቃል ነው የሚሰማው። ለጥምቀት ስትመጪ የመሮጫ ጫማሽን ይዘሽ ነይ። የመጀመሪያውን ዙር ከፊቱ ሆነሽ ምሪው፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ።

ፈተናሽን በርትተሽ አጥኚ። ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ብሎሻል።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ከጎንደር