እማዬ፣ ጉዞውን እንደ አዲስ አቀድኩት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «እኔን ተዉኝ፣ በዚህ ጉልበቴ ሸክም ነው የምሆንባችሁ» ስትይኝ መልስ አጣሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ዕቅዴን አውጥቼ አየሁት። አሜሪካ ያለውን የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በሁለት ቀን አዳርሰን ልንመለስ ነበር! እንዲህ ያለ ሩጫ እንኳን ላንቺ ለእኔም አይሆንም። ቀደድኩትና እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ፓርኩ ሰፊ ነው እማዬ፤ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ነው የተከለለው። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ዋናውን መንገድ በእርሳስ ስከተለው የ8 ቁጥር ቅርጽ አወጣ። ዙሪያው 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የግማሽ ቀን መንገድ መስሎኝ ነበር። ግን ብዙው ቦታ ላይ በሰዓት ከ72 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አይፈቀድም። ጎሽ አስፋልቱ መሃል ከቆመ ደግሞ እሱ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ስለዚህ አራት ቀን አደረግኩት። ሁለቱን ሌሊት በታችኛው ክብ፣ ሁለቱን ወደ ሰሜን እናድራለን።

መጀመሪያ የምንሄደው ኦልድ ፌይዝፉል ወደሚባለው ፍል ውሃ ነው። «ታማኙ አዛውንት» እንደማለት ነው። በየአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከመሬት ተነስቶ ከ30 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወረወራል። የሚገርመው፣ ጠባቂዎቹ ሰዓቱን ቀድመው ይለጥፋሉ። ያለፈው ፍንዳታ ረዘም ያለ ከነበረ ቀጣዩ ይዘገያል፤ አጭር ከነበረ ቶሎ ይመጣል። ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር አለ። ቁጭ ብለሽ ትጠብቂዋለሽ፣ እሱ ራሱ ይመጣልሻል። መንገዱም ሜዳ ነው። ሌሎቹ ፍል ውሃዎች አጠገብ የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቷል። ከእሱ አንድ እርምጃ መውረድ የለም፤ መሬቱ ስስ ቅርፊት ነው፣ ከሥሩ ውሃው ይፈላል።

ፏፏቴው ጋ የሚወርደውን ቁልቁለት ሰርዤዋለሁ። 94 ሜትር የሚወድቀው ውሃ ከመኪና ማቆሚያው ትንሽ ራመድ ብሎ ካለው መመልከቻ ወለል ብሎ ይታያል።

ላማር የሚባለው ሸለቆ ግን በጠዋት መነሳት ይፈልጋል። አውሬው የሚታየው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። አንቺ ከመኪና አትወርጂም። የሩቅ ማያ መነጽር ገዝቼልሻለሁ። ከጎሽ 23 ሜትር፣ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ጎሽ ዝግ ያለ ይመስላል እንጂ ሲሮጥ ሰው አያመልጠውም።

የምንሄደው በሴፕቴምበር አጋማሽ ነው፤ ሕዝቡ ቀነስ ይላል። ሌሊቱ ስለሚበርድ ወፍራም ሹራብ ያዢ። ማደሪያውን ይዣለሁ። ኔትወርክ ብዙ ቦታ ስለማይኖር ካርታውን ስልኬ ላይ ጭኛለሁ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ከፍታው ነው። ፓርኩ ውስጥ ያለው ሐይቅ ብቻውን 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እባክሽ ሐኪምሽን ስለ ደም ግፊትሽ አማክሪ፤ መድኃኒትሽንም ለጥቂት ቀን ተርፎ የሚቆይ ያዢ። የመጀመሪያውን ቀን ምንም ሳንሠራ አርፈን ነው የምንውለው።

ልጅ ሆኜ በአውቶቡስ ስንሄድ መስኮቱን ሁልጊዜ ለእኔ ነበር የምትለቂው። ያኔ አንቺ መንገዱን መቼ አየሽው? የእኔን ማጅራት ነበር ስታዪ የምትውዪው። አሁን የፊት ወንበሩ ያንቺ ነው። ቁሚ ባልሽኝ ቦታ ሁሉ እቆማለሁ። ግማሹን ሳናይ ብንመለስም ቅር አይለኝም።

የጫማ ቁጥርሽን ላኪልኝ። ሶሉ የማያንሸራትት አይቻለሁ፤ ሲመሽ እግርሽ ትንሽ እንደሚያብጥ ስለማውቅ ግን ማታ ላይ ለክተሽ ንገሪኝ።

ልጅሽ