ድልድይ ከመስራታችሁ በፊት ወንዙ ውስጥ ግቡ

ሰላም ለናንተ ይሁን አዘጋጆች፣

ባለፈው ስለ አዳማ ጎርፍ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው ግን ሁሉም የሚያወራው ስለ ዝናቡና ስለ ተራሮቹ ነው፣ ስለ ወንዙ ወለል ያነሳ የለም። እኔ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ውሃ ሲወርድ ድንጋዩ ይይዘዋል፣ ወለሉ ሻካራ በሆነ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንስና ከፍታው ይጨምራል። ይሄንን ሸካራነት ሂሳብ ውስጥ የምናስገባው የማኒንግ ቁጥር በምንለው ነው፣ እና አብዛኛው ጊዜ ከሰንጠረዥ ላይ ይነሳል፣ ወንዙን ያየ ሰው ሳይኖር። ስራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ከልቨርት (ከመንገድ ስር ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦ) ላይ 0.025 ብለን አስገባን። ኋላ እኔው ወርጄ ሳይ ወለሉ ቡጢ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ነው፣ ቁጥቋጦም በቅሎበታል፣ 0.04 ነበር መባል ያለበት። ለማያውቅ ምንም አይመስልም አይደል፣ ግን ሰፊ ወንዝ ላይ የውሃው መጠንም ቁልቁለቱም ያው ሆኖ 1 ሜትር ይደርሳል ያልነው ከ1.30 ሜትር በላይ ይሆናል ማለት ነው። በክረምቱ ውሃው ከልቨርቱን ሞልቶ መንገዱን ይዞ ሄደ፣ ጉልት የሚቸረችሩ አንዲት እናት ድንችና ሽንኩርታቸውን እንዳለ ወሰደባቸው። እስከዛሬ ፊታቸው አይጠፋኝም።

ለመለካት ደግሞ ውድ መሳሪያ አያስፈልግም። ዎልማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳየው ዘዴ አለ፣ ወንዙን እያቋረጡ በየእርምጃው አይንን ዞር አድርጎ ጣት መጀመሪያ የነካውን ድንጋይ ማንሳት፣ ረጅሙንም አጭሩንም ትቶ መካከለኛውን ጎኑን በማስመሪያ መለካት፣ 100 እስኪሞላ። ከዛ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር 50ኛው (መሃለኛው) እና 84ኛው (ከትልልቆቹ) ስለ ወለሉ ሸካራነት ብዙ ነገር ይነግሩናል። አይን ዞር ማድረጉ ቀልድ አይደለም፣ ሰው እያየ ካነሳ ሳያውቀው ትልልቁን ነው የሚመርጠው፣ ተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እኛ አካባቢ ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ስላለ ተጠንቀቁ፣ ትልቅ ይመስላል ግን ቀላል ነው፣ ውሃ ሲመጣ ተንሳፎ ይሄዳል፣ ለብቻው ጻፉት።

መጠኑ ብቻ ግን አይበቃም። አንድ አይነት ድንጋይ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ተደራርቦ ሲተኛና እንዲሁ ተበትኖ ሲቀመጥ ሸካራነቱ ይለያያል። ለዛ ቀጭን ሰንሰለት ወለሉ ላይ እያስተኙ የሰንሰለቱን ርዝመት ቀጥታ ከሚሸፍነው ርቀት ጋር ማወዳደር ይቻላል፣ አሁን አሁን ደግሞ በሞባይል ተደራራቢ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር የወለሉን ከፍታና ዝቅታ ማውጣት ተችሏል።

ሌላው ጠጠር የሚያወጡት ነገር ነው። ወጣቶቹ እንጀራቸው ስለሆነ አልፈርድባቸውም፣ ግን የላይኛው ትልልቁ ድንጋይ ለታችኛው ደቃቅ ጋሻው ነው፣ እሱ ሲነሳ ውሃው አሸዋውን እየዛቀ የድልድዩን እግር ይቆፍራል። ስለዚህ አምና የተለካ ቁጥር ዘንድሮ ላይሰራ ይችላል፣ ክረምት ባለፈ ቁጥር እንደገና መቁጠር ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ ከተማ ውስጥ የጎርፍ መውረጃ ዲዛይን ሲጸድቅ የድንጋይ ቆጠራው ወረቀት አብሮ ይያያዝ፣ በማን፣ መቼ፣ የት ቦታ እንደተቆጠረ። ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጎድል እኔና ተማሪዎቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እንወጣለን፣ ሰፈሩ የሚያስቸግር መውረጃ ያለው ሰው በጋዜጣችሁ በኩል ይጠቁመን፣ በነጻ ነው።

አንድ የአዳማ ኢንጂነር