የጥገና ግምት ለባለንብረቱ በግልጽ ይነገረው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ሙሉ ሽፋን ያለው የመኪና መድን የገባ ሰው፣ ግጭት ሲደርስበት የጥገናው ወጪ በሙሉ የሚከፈልለት ይመስለዋል። ከጋራዦች በሚሰበሰበው ፕሮፎርማ ላይ የእጅ ዋጋ፣ የመለዋወጫና የቀለም ወጪ ተደምሮ ቢቀርብም፣ ኩባንያው በውሉ መሠረት ባለንብረቱ ራሱ የሚችለውን ድርሻና አሮጌ ዕቃ በአዲስ ሲተካ የሚታሰበውን የእርጅና ተቀናሽ ከድምሩ ላይ ሊቀንስ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከመኪናው ዋጋ በታች መድን መግባት ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ አሻቅቧል፤ ውሉን በቀድሞው ግምት የሚያድስ ሰው ጉዳቱን የሚያየው ከአደጋ በኋላ ነው። 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,000,000 ብር ብቻ መድን ከተገባለት፣ መድኑ የመኪናውን ዋጋ ግማሽ ብቻ ስለሚሸፍን፣ 200,000 ብር ለሚፈጅ ጥገና ባለንብረቱ የሚደርሰው በዚያው ልክ ግማሹ፣ 100,000 ብር ነው፤ ሌሎቹ ተቀናሾች ገና አልታሰቡም። ይህን ለደንበኛው ውል ሲታደስ አለመንገር፣ በእኔ እምነት፣ አግባብ አይደለም።

ስለዚህ ኩባንያዎች እያንዳንዱን ተቀናሽ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም ይህን ግዴታ እንዲያደርገው እጠይቃለሁ። ባለንብረቶችም ጋራዡ መኪናውን ሲፈታ ያልታየ ጉዳት ቢያገኝ፣ ሥራው ከመቀጠሉ በፊት ኩባንያው ተጨማሪውን ግምት በጽሑፍ እንዲያጸድቅ ያድርጉ፤ ያለዚያ ልዩነቱ ከኪሳቸው ሊወጣ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ