ከአፕግሬድ በኋላ ኮምፒውተራችሁ ቢያስቸግር ለፎርማት አትቸኩሉ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህ ደብዳቤ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም የጫንንላችሁን ሁሉ ይመለከታል። ረዘም ይላል። ግን አንዴ አንብባችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ለመጻፍ ያነሳሳን አንዲት ደንበኛችን የገጠማት ነገር ነው። እዚሁ ደሴ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ትሠራለች። አንድ ቀን ማታ "አዲስ ስሪት አለ" የሚል መልእክት መጣላትና እሺ አለችው። እስኪያልቅ ጠብቃ አጠፋችና ቤቷ ገባች። ጠዋት ስትከፍተው ስክሪኑ ጥቁር። ኮምፒውተር ያውቃል የሚባል ሰው አየላትና "ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም" አላት። የአራት ዓመት ሥራዋ ግን እዚያው ውስጥ ነው፤ የሰው ማመልከቻ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መዝገብ ሳይቀር። ሲፒዩውን ባጃጅ ላይ ጭና መጣች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ችግሩ የስክሪን ካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አንድም ፋይል አልጠፋም።

በዚህ ነገር የእኛም ጥፋት አለበት። ሲስተሙን ስንጭንላችሁ "አፕግሬድ ሲመጣ እሺ በሉት" ብለናችኋል። ከዚያ በኋላ ምን ሊያጋጥማችሁ እንደሚችል ግን አልነገርናችሁም። ይቅርታ እየጠየቅን አሁን እንንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ይህን እወቁ። አፕግሬድ የሚቀይረው ሲስተሙንና ፕሮግራሞቹን ነው። የእናንተ ሰነድ፣ ፎቶና ቪዲዮ ያለበትን ፎልደር አይነካም። ስክሪኑ ባይበራም፣ ፓስወርድ ባይቀበልም ፋይላችሁ ሃርድ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል። በፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነስተን ልንገለብጥላችሁ እንችላለን። ፋይሉን የሚያጠፋው ፎርማት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው፣ የቅርብ ዘመድም ቢሆን፣ ፎርማት ላድርገው ካላችሁ "ቆይ" በሉትና ደውሉልን። አንድ ነገር ብቻ ለየት ይላል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ችግሩ ከአፕግሬዱ አይደለም፤ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ያኔ ምንም ሳትሞክሩ ወዲያው አጥፉትና አምጡት።

ወደ ጥቁሩ ስክሪን እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው እሱ ነው። በብዛት የሚታየው ኤንቪዲያ የሚባለው ኩባንያ የስክሪን ካርድ ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አፕግሬድ ስታደርጉ ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት ይቀየራል። የኤንቪዲያ ድራይቨር ደግሞ ለእያንዳንዱ ከርነል እንደ አዲስ መዘጋጀት አለበት። ካልተዘጋጀ አይነሳም፤ ስክሪኑም ጨለማ ይሆናል።

እንዲህ ሞክሩ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት። የቆየ ኮምፒውተር ከሆነ ሲነሳ የሺፍት ቁልፍን ተጭናችሁ ያዙ። አዲስ ከሆነ የአምራቹ ምልክት እንደታየ ኢስኬፕን ነካ አድርጉ። ግራብ የሚባል ሜኑ ይመጣል። ከዚያ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ" የሚለውን ግቡበት። የከርነሎች ዝርዝር ታያላችሁ፤ ከላይ ያለው አዲሱ ነው። ከሥሩ ያለውን የቀድሞውን ምረጡ። በእሱ ከተነሳ ጥፋቱ የድራይቨር መሆኑን አወቃችሁ ማለት ነው። ከዚያ "አዲሽናል ድራይቨርስ" (ሚንት ላይ "ድራይቨር ማኔጀር") የሚለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ "ሪኮሜንድድ" የተባለውን ድራይቨር ምረጡና ሪስታርት አድርጉ።

ድራይቨሩ ሲጫን አንዳንድ ኮምፒውተር ጊዜያዊ ፓስወርድ እንድታወጡ ይጠይቃችኋል። ወረቀት ላይ ጻፉት። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና "ኢንሮል" የሚል ምርጫ ይሰጣችኋል። እሱን መርጣችሁ ያንን ፓስወርድ አስገቡ። ብዙ ሰው ይህን ስክሪን ቫይረስ ይመስለውና ያልፈዋል። ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው እንጂ ቫይረስ አይደለም። ካለፋችሁት ድራይቨሩ አይነሳም። ካርዱ በጣም የቆየ ከሆነ ደግሞ አምራቹ ለአዲስ ከርነል ድራይቨር መሥራቱን ትቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኑቮ የሚባለውን ነፃ ድራይቨር ምረጡ። ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ፊልም ለማየት ይበቃል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር መብራት ነው። አፕግሬድ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፋይሎቹን ከኢንተርኔት ያወርዳል። በዚህ ጊዜ መብራት ቢሄድ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ችግር የለም፤ በኋላ ይቀጥላል። ቀጥሎ የወረደውን ይጭናል። አደገኛው ይሄኛው ነው። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ይሆናል። በተለይ በክረምት፣ ነጎድጓድ ባለበት ቀን፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) በሌለው ኮምፒውተር አፕግሬድ አትጀምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። ሳያስቡት መብራት ሄዶባችሁ ከሆነ ያንኑ የግራብ ሜኑ ከፍታችሁ "ሪከቨሪ ሞድ" ግቡ። እዚያ የተበላሹ ፓኬጆችን (የፕሮግራም ጥቅሎችን) የሚጠግን ምርጫ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የተቋረጠውን ራሱ ይጨርሰዋል። ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ግን አይጠቅምም።

አሁን ደግሞ ማንም የማይጠረጥረውን ነገር እናንሳ፤ ሰዓት። ሰኔና ሐምሌ ላይ "አፕግሬድ ካደረግሁ በኋላ ኢንተርኔት እምቢ አለኝ" እያሉ የሚመጡ አሉ። ዋይፋዩ ይሠራል። ድረ ገጾቹ ግን "ደህንነቱ አልተረጋገጠም" ይላሉ። አፕዴትም አልወርድም ይላል። ስናየው ኮምፒውተሩ ከብዙ ዓመት በፊት ያለውን ቀን ያሳያል። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ቁጥሯ 2032 ነው። እሷ ስትሞት መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች የሚታመኑበት የምስክር ወረቀት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀኑ ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ሐሰተኛ ይመስላል። ባትሪዋን መቀየር ቀላልና ርካሽ ነው። እስከዚያው ቀኑን በእጃችሁ አስተካክሉት።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላይ የጫናችሁ ደግሞ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ሲዛባ ታያላችሁ። ይህ ከባትሪ አይደለም። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይመዘግባል። ዊንዶውስ የአገሩን ሰዓት ይመዘግባል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ልዩነቱ ከዚያ የመጣ ነው። አንዴ ካስተካከልነው አይመለስም።

ፕሪንተር። የኤችፒ ሌዘርጄት ተጠቃሚዎች ይህን ልብ በሉ። እንደ 1020 እና ፒ1102 ያሉ ፕሪንተሮች ከሲስተሙ ጋር የማይመጣ፣ ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ይፈልጋሉ። የፕለጊኑ ስሪት ከኤችፒ ሶፍትዌሩ ስሪት ጋር እኩል መሆን አለበት። አፕግሬድ ሶፍትዌሩን ያሳድገዋል፤ ፕለጊኑ አሮጌው ይቀራል። ከዚያ ፕሪንተሩ እንዳለ ይታያል፣ ሥራውን ይቀበላል፣ ወረቀት ግን አያወጣም። ፕሪንተሩ ተበላሸ ብላችሁ ቶነር እንዳትቀይሩ። ኢንተርኔት አገናኙና ከሜኑ ኤችፒ ቱልቦክስን ከፍታችሁ ፕለጊኑን እንደገና ጫኑ። አሁንም ካልሆነ ፕሪንተሩን ከሴቲንግ አጥፍታችሁ አዲስ አድርጋችሁ ጨምሩት።

አማርኛ መጻፍ እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ትንሽ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ የሚለውን ግቡና አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እዩ። ከሌለ ጨምሩት። በእንግሊዝኛ ፊደል እየተየባችሁ አማርኛ የምትጽፉበት ከሆነ ኤም17ኤን የሚባለው ፓኬጅ መኖር አለበት። ኡቡንቱ ላይ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚቀየረው የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር በመጫን ነው።

የፎንት ነገር ግን ጠለቅ ይላል። በተለይ ሲስተሙ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ የድሮ ሰነዳችሁ ተከፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ካሳያችሁ አትደንግጡ፤ ሰነዱ አልተበላሸም። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያውቁ ከሚያደርገው ሥርዓት) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ አንዳንድ ቢሮ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሲጠቀምባቸው ቆይቷል። ያው ፎንት ከተመለሰ ጽሑፉም ይመለሳል። እንዲህ ዓይነት ሰነድ ያላችሁ አምጡልን፤ ወደ ዩኒኮድ ብንቀይረው ይሻላል። የቀበሌ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን የድሮ መዛግብት በዚህ ምክንያት የማይነበቡ ሆነው ሲጣሉ ማየት ያሳዝነናል። ኒያላ በሚባለው ፎንት የተጻፈ ሰነድ ደግሞ ይነበባል፤ መስመሩና ገጹ ግን ሊገፋ ይችላል። ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ከኡቡንቱ ጋር አይመጣም።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ዋይፋይ ከጠፋ ስልካችሁን በዩኤስቢ ኬብል አገናኝታችሁ ኢንተርኔቱን አጋሩ፤ ከዚያ አዲሽናል ድራይቨርስ የጎደለውን ያወርዳል። ኡቡንቱ ላይ ፋየርፎክስ ኮምፒውተሩ እንደተነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ቢዘገይ በሽታ አይደለም፤ ከ22.04 ስሪት ጀምሮ ስናፕ በሚባል አዲስ አሠራር ስለሚመጣ ነው። ከውጭ የጨመራችኋቸው ፕሮግራሞች አፕዴት መቀበል ካቆሙ ደግሞ አፕግሬዱ ምንጮቻቸውን ሆን ብሎ ስለሚዘጋቸው ነው፤ መልሰን እንከፍታቸዋለን።

እስካሁን አፕግሬድ ያላደረጋችሁ አትጣደፉ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ካላችሁ ነፃው ድጋፍ እስከ ፈረንጆቹ 2027 ይዘልቃል። 20.04 ላይ ያላችሁ ግን ድጋፉ ግንቦት 2017 ላይ ስላበቃ ቶሎ ኑ። ከ20.04 በቀጥታ ወደ 24.04 መዝለል አይቻልም፤ መጀመሪያ 22.04 ላይ ማረፍ አለበት። ሁለት ጊዜ ስለሚሆን እኛ ጋ ቢሠራ ይመረጣል፤ ዩፒኤስም አለን። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ፋይላችሁን በሌላ ዲስክ ላይ ሳትገለብጡ አትጀምሩ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ሲፒዩ ተሸክማችሁ የሐረጎን ዳገት አትውጡ። በሳምንት አንድ ቀን እኛው እንወርዳለን። ስትደውሉ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልን። ከየትኛው ስሪት ወደ የትኛው እንደሄዳችሁና መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ንገሩን። ከዚህ አፕግሬድ ጋር ለተያያዘ የስልክ ምክር ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ቤታችሁ
ደሴ